ሽማግሌ የገባበት የዝውውር ጥያቄ

ደሞዜን የሰደበው የቡድን መሪው ሙላቴ ነው። ቀኑ የካቲት 15 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ሐሙስ፣ ወቅቱ የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት። ደሞዜን ሰዓቱን ብትጠይቁት አሥራ አንድ ከሩብ ነበር ይላችኋል፤ ከልምምድ ወጥተው ገና ላባቸው አልደረቀም። ቦታው ደብረ ታቦር፣ ኳስ ሜዳው ጥግ ካለችው የቆርቆሮ ቢሮ ደጃፍ ላይ። የሰሙት ሰዎች አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ አሥራ ስድስት ተጫዋችና ሦስት ሽማግሌ። ከመሀላቸው ማን ቀድሞ እንደሳቀ፣ ማን አፉን በማልያው እንደሸፈነ ሳይቀር ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ የባሕር ዳር ቡድን ደሞዜን ሦስት ጨዋታ ላይ አየውና «መልቀቂያህን ይዘህ ና» አለው። መልቀቂያ ማለት ያለህበት ቡድን «ፈቅደናል፣ ይሂድ» ብሎ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ነው። እሱ ከሌለ እግርህ ወርቅ ቢሆን ሌላው ቡድን አያስመዘግብህም። ደሞዜ ማመልከቻ ጻፈ፤ መልስ የለም። ደግሞ ጻፈ፤ አሁንም የለም። በሦስተኛው የአገሩ ሰው እንደሚያደርገው ሽማግሌ ላከ፤ አጎቱን አለሙን፣ አንድ መሪጌታንና የቡድኑን ማልያ የሚሰፉትን አብዱልቃድርን። ሦስቱም ደጃፉ ላይ ቆሙና «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» አሉ። የሽማግሌ ወጉ ይኸው ነው። የተለመነው ሰው ብድግ ይላል፣ ወንበር ያቀርባል፣ እንቢ የሚል ቢሆን እንኳ ምክንያቱን ዓይናቸውን እያየ ይናገራል።

ሙላቴ ከወንበሩ አልተነሣም። የእስክሪብቶ ክዳን እያኘከ፣

«እናንተ ትልልቅ ሰዎች፣ ለዚህ ብላችሁ ነው እግራችሁን ያደከማችሁት?» አላቸው። «ይኸ እኮ ኳስ ካልመጣለት የት እንደቆመ የማያውቅ ነው። ስምንተኛን ሁለቴ የወደቀ! ባሕር ዳር የጠሩት ስሙን መጻፍ ሊያስተምሩት ነው?»

ሳቁን የጀመረው በረኛው ደጀን ነው። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ዞረው ሄዱ። አብዱልቃድር፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከሱቃቸው ተጠርተው ስለመጡ የልክ መውሰጃ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አላወለቁትም ነበር። ሜዳውን አቋርጠው እስኪወጡ ድረስ ደሞዜ ከኋላ የሚያየው ያን ቢጫ ሜትር ብቻ ነበር።

መልቀቂያው አልተሰጠም። ባሕር ዳሮች እስከ ሚያዝያ ጠበቁና ሌላ የግራ መስመር ተከላካይ ወሰዱ። ደሞዜ አራት ዓመት እዚያው ተጫወተ፤ ጉልበቱ ዕጢ አወጣና ተወ። አሁን ዕድሜው አርባን አልፏል፤ የዚያችው ቆርቆሮ ቢሮ ቁልፍ በእሱ እጅ ነው። መረብ ይሰቅላል፣ መስመር በኖራ ያሠምራል፣ ጨዋታ ሲያልቅ ሜዳውን ይዘጋል። ሙላቴም ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው። ደሞዜ ቀብሩ ላይ ተገኝቶ ነበር፤ አፈር ሳያለብስ ተመለሰ። ሰው ሁሉ አየው፤ እሱም እንዲያዩት ነበር የሄደው።

ቂሙ የሙላቴ ብቻም አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ሠርግ ላይ ከዳስ ውጭ ያስቀመጠውን አማቹን፣ በ2011 መስከረም ላይ «አንተ ኖራው» ብላ የጠራችውን የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ ሁሉንም በየቀናቸው ይዟቸዋል። ሚስቱ ጽጌ «ያንተን ጭንቅላት እኮ ወረዳው ለመዝገብ ቤት ቢከራየው ይሻለው ነበር» ትለዋለች። እሱ አይስቅም።

የአብዱልቃድር ልጅ ኸድር የአባቱን ሱቅ ጌም ቤት አደረገው። መናኸሪያው አጠገብ ናት። የስፌት መኪናዋ ከነጠረጴዛዋ ጥግ ላይ ቆማለች፤ የተቀረውን ቦታ አራት ኮምፒዩተርና አንድ ማተሚያ ይዘውታል። ደሞዜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲፈታ እዚያ ይሄዳል። የሚጫወተው እየሮጡ ኳስ የሚመቱበትን አይደለም። አሠልጣኝ የሚሆኑበትን ነው፤ ተጫዋች የሚገዙበትን፣ የሚሸጡበትን፣ አሰላለፍ የሚያወጡበትን። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ደሞዜ አያነበውም፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የት እንዳለ ግን የሰፈሩን መንገድ እንደሚያውቅ ያውቀዋል።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንድ ቀን፣ ከተጫዋቾቹ አንዱ የዝውውር ጥያቄ አቀረበለት። ደሞዜ ከለከለው። የተጫዋቹ ሞራል ቀይ ሆኖ ወረደ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያው ተጫዋች አረንጓዴ ሆኖ፣ ፈገግ ብሎ፣ ምንም እንዳልተባለ ልምምድ ላይ ተገኘ።

«ሦስት ሳምንት!» ብሎ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው።

«ቀስ በል፣ ኪቦርዱ የኔ ነው» አለው ኸድር።

«ሦስት ሳምንት ነው የሚሉት! ሰው አያውቁም እንዴ እነዚህ? የተከለከለ ሰው በሦስት ሳምንት ይረሳል?»

«አንተን አልጠየቁህማ። አንተን ቢጠይቁህ ጨዋታው መቼም አያልቅም ነበር።»

ማተሚያው ዘንድ ቆሞ የፈተና ወረቀት የሚያሳትም መነጽር ያደረገ ሰው ዞር አለ። ዓለምነው ይባላል፤ ከደሴ የመጣ፣ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር የሚያስተምር ነው። ተማሪዎቹን ይዞ በስልክም በኮምፒዩተርም የሚጫወቱት በአማርኛ የተሠራ የአሠልጣኝ ጨዋታ እያዘጋጀ ነበር። ቡድኖቹ የዚሁ አገር ናቸው፤ የጋፋት፣ የአንበሳሜ፣ የጣራ ገዳም።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ያደርጉት ነበር?» አለው።

ደሞዜ መጀመሪያ የሚቀልድበት መስሎት ዓይን ዓይኑን አየው። በዚያ ዓመት «እርስዎ» ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወንበሩን አዙሮ ጀመረ፤ እስኪጨርስ ኸድር የሱቁን በር ዘግቶ ሰግዶ ተመልሶ ከፈተ።

በሳምንቱ ዘጠኝ ገጽ ይዞ መጣ። በመስመር ባለው ወረቀት፣ በትልልቅ ፊደል፣ ስሕተቱ እየተሰረዘ የተጻፈ ነው። ሐሳቡ ግን ፍንትው ያለ ነበር። ተጫዋች ዝውውር ሲጠይቅ ባዶ ወረቀት አይላክ፤ ሽማግሌ ይላክ። ሦስት ሽማግሌ መጥቶ አሠልጣኙ ፊት ይቁም። እነሱ ቆመው ሳሉ ቀኑ አይለፍ፤ «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ አይሥራ፤ ጨዋታም ልምምድም ይቁም። አሠልጣኙ ወይ እሺ ብሎ ያስቀምጣቸው፣ ወይ እንቢ የሚልበትን ምክንያት ጽፎ ያሰናብታቸው። ምክንያቱም በተጫዋቹ ስም ሥር እስከ መጨረሻው ይኑር። ሦስት ሳምንት የሚባል ነገር የለም።

ጽሑፉን ወደ ኮምፒዩተር የምታስገባው ተማሪ ሙና ነበረች፤ የአንበሳሜ ነጋዴ ልጅ፣ ጠያቂ።

«ጋሼ ደሞዜ፣ አሠልጣኙ እነሱን እንዳቆመ ስልኩን ቢዘጋውስ?»

«ሲከፍተው እዚያው ቆመው ያገኛቸዋል።»

«በነጋታውም?»

«በነጋታውም። በዓመቱም። የት ይሄዳሉ?»

ሙና ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደጀን ዓይነት ሳቅ አልነበረምና ደሞዜ አልመዘገባትም። ዓለምነው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበውና እንዲህ አለ፦ «ይህን የመሰለ ነገር በየትኛውም ጨዋታ አላየሁም። እንሞክረው። ሰባት ሳምንት ሰዎች ይጫወቱበት። ከሠራ ሰኔ ላይ ለሕዝብ ስንለቀው ደንቡ እንዳለ ይገባል። ካልሠራ ግን፣ ጋሼ፣ እናወጣዋለን። ካሁኑ ልንገርዎት።»

«ይሠራል» አለ ደሞዜ።

የጠየቀው ሌላ ነገር የለም። ስምዎ ይግባ ቢሉት አልፈለገም። የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ በተሳለ ሰውም ላይ ቢሆን፣ በስልክ ውስጥም ቢሆን፣ ከእንግዲህ ማንም አሠልጣኝ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ሰው መከልከል እንዳይችል። ያ ከሆነ ከዚያ ሐሙስ ላይ አንዲት ነገር የምትነቀል ይመስለው ነበር። ይህን ለጽጌ እንኳ አልነገራትም።

ሙከራው የተጀመረ ሰሞን ኸድር ቤት ሰው ሞላ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ይጫወታሉ፤ ባትሪ ሲያልቅ ይጨቃጨቃሉ። ሽማግሌዎቹ ጥሩ ሆነው ነበር የተሳሉት፤ ጋቢ የለበሰ፣ ጥምጥም ያደረገ፣ ሦስተኛው ኮፍያ ያደረገ፤ ሦስቱም ዘንጋቸውን ተደግፈው ስክሪኑ መሀል ይቆማሉ። የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ወደዳቸው። በአራተኛው ቀን ባጃጅ ነጂው ማስተዋል ስልኩን ከፍ አድርጎ ጮኸ።

«ኧረ የሰው ያለህ! እነዚህ አባቶች ፍጻሜ ጨዋታዬ ላይ ቆሙብኝ!»

«ወንበር ስጣቸዋ» አለው አንዱ።

«ወንበር ከሰጠሁ አጥቂዬን ይዘውት ይሄዳሉ! ቆመው ቁርጥማት ይያዛቸው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደሞዜ ጥርሱን ነክሶ ወደ ራሱ ኮምፒዩተር ዞረ። የማስተዋልን ስም ከነቀኑ ያዘ።

እሱ የጋፋትን ቡድን ነበር የያዘው። ደካማ ቡድን ነው፤ ሲረከበው መጨረሻ ላይ ነበር። በአምስት ሳምንት ሦስተኛ አደረሰው። ያደረሰው ደግሞ በአንድ ሰው ነው፤ ትእዛዝ በሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የግራ መስመር ተከላካይ። ኮምፒዩተሩ የፈጠረው ሰው ነው። ደሞዜ ግን ሲሮጥ እያየ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቅለት ነበር፤ ኳስ ሲያሻግር ትከሻው እንዴት እንደሚዘም ሳይቀር ለኸድር ያሳየዋል።

«አንተን ይመስላል» አለው ኸድር አንድ ቀን።

«እኔን? እኔ ከዚህ እበልጥ ነበር» አለ ደሞዜ፤ ፊቱ ግን በራ።

በስድስተኛው ሳምንት ትእዛዝ ሽማግሌ ላከ። የአንበሳሜ ቡድን ፈልጎታል። ሦስቱ አባቶች ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ከሥራቸው ጽሑፍ ወጣ፦ «ልጃችን ዕድሉ መጥቷል። መልቀቂያውን ስጡትና ይሂድ። እሺ ካልተባልን አንቀመጥም።»

ደሞዜ አነበበው። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ እያስኬደ። ከዚያ ደረጃውን የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አየ። ሊጉ ሊያልቅ አራት ጨዋታ ቀርቶታል። አንደኛው ማን ሆነና? አንበሳሜ። ይህ ልጅ ነገ ሄዶ በእሱ ላይ ሊሰለፍ ነው። ያውም መጨረሻ ላይ ከነበረ ቡድን ውስጥ ያወጣው እሱ ደሞዜ ሆኖ ሳለ! ደግሞ ሌሎቹም ነበሩ፤ ከትእዛዝ በፊት አሥር ሰው ጠይቆታል፤ አሥሩንም መልሷቸዋል። ለሁሉም ምክንያት ነበረው። አንዱ ሰነፍ ነው፣ አንዱ ገና ነው፣ አንዱ ለሆዱ ነው። የሙላቴና የእሱ ነገር ለየቅል ነው። ሙላቴ በክፋት ነው፤ እሱ ለቡድኑ ብሎ ነው።

«እንቢ» የሚለውን ነካ። የምክንያት ሳጥኑ ተከፈተለት። ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉት አያውቅም፤ እሱ ግን በሁለት ጣቱ፣ ፊደል በፊደል፣ ዓረፍተ ነገር ጻፈበት። ይህን ሙላቴ አላደረገውም። ሽማግሌዎቹ ዞረው ከስክሪኑ ወጡ። ቀኑ አለፈ። ጋፋት የቀሩትን አራት ጨዋታዎች ተጫውቶ ሁለተኛ ወጣ።

ሰባት ሳምንቱ አለቀና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ኸድር ቤት ተሰበሰቡ። ዓለምነው የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ተደግፎ ቆመ፤ ሙና ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ደሞዜ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

«እውነቱን ልንገራችሁ» አለ ዓለምነው። «አልሆነም። ሙና፣ አንብቢላቸው።»

ሙና ጉሮሮዋን ጠራረገች። «የቀረበው የዝውውር ጥያቄ ሁለት መቶ ስድስት ነው። ሽማግሌ ቆሞ እሺ የተባለው ዘጠኝ። ከዚያ በፊት ሽማግሌ ሳይኖር በሞከርነው ጊዜ፣ በዚያው ልክ ጥያቄ፣ እሺ የተባለው ሠላሳ አንድ ነበር።»

«ባሰበት ማለት ነው» አለ ኸድር።

«ባሰበት። ሰው ጨዋታው ሲቆምበት ይናደዳል። ሲናደድ ቶሎ እንቢ ይላል።»

«አልነገርኳችሁም?» አለ ማስተዋል። «እኔ እንኳ ልለቀው የነበረውን ሰውዬ በነሱ የተነሣ ነው ያስቀረሁት።»

ደሞዜ ብድግ አለ። «ታዲያ ጥፋቱ የሽማግሌው ነው? የናንተ ነው እንጂ! ልባችሁ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ስለሆነ አይደል ደንብ ያስፈለገው? መምህር፣ ደንቡን ያጥብቁት እንጂ አያውጡት። ምክንያቱን በደንብ ያልጻፈ አይለፍ ይበሉ።»

«እሱንም አይተነዋል፣ ጋሼ» አለ ዓለምነው፤ ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር። «የምክንያት ሳጥኑ ላይ ሰው የሚጽፈው ነጥብ ነው። አንድ ነጥብ አስቀምጦ ያልፋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም አይደለም፣ መምህር» አለች ሙና። ከገቡ ጀምሮ ይህችን አጋጣሚ ስትጠብቅ የቆየች ነው የምትመስለው። ደሞዜን ልትረዳው ነው። «አንድ ሰው በትክክል ተጠቅሞበታል። ጋሼ ደሞዜ። በሰባት ሳምንት አሥራ አንድ ጥያቄ መጣላቸው፤ ለአሥራ አንዱም ምክንያት ጽፈዋል። ሰው ከፈለገ መጻፍ ይችላል ማለት ነው። እንደ ምሳሌ ላንብበው?»

«ስንቱን እሺ አሉ?» አለ ዓለምነው።

ሙና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «እ... አንድም።»

«ይነበብልን እንጂ!» አለ ማስተዋል ከኋላ።

ደሞዜ አታንብቢ ለማለት እጁን አነሣ። እሷ የረዳችው መስሏት፣ እንደ ክፍል ተማሪ አጥርታ፣ ፊቷን ሳታነሣ ማንበብ ጀመረች።

«ትእዛዝ ለሚባለው የግራ መስመር ተከላካይ። "ሰው ያደረግሁህ እኔ ነኝ። ከጋፋት ውጭ ማን ያውቅሃል? አሯሯጥህ የፍየል ነው፤ እኔ ብዬ ነው ያሰለፍኩህ። ሁለተኛ ሰው እንዳትልክብኝ።"»

ማስተዋል ነው የሳቀው። ሌሎቹም ተከተሉት። «ኧረ ጋሼ! እኔ ነጥብ ማስቀመጤ ጽድቅ ነው ለካ!»

ሙና ያነበበችው አሁን ገና ገባት። ላፕቶፗን ግማሽ ዘጋችው። ዓለምነው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ።

«እንግዲህ» አለ ዓለምነው፣ ማንንም ሳያይ፣ «ደንቡን ያሰቡት ሰው እንኳ ካልቻሉበት ሌላውን ምን እንላለን? ሽማግሌውን እናወጣዋለን። ተጫዋቹ ይጠይቃል፣ አሠልጣኙ እሺ ወይም እንቢ ይላል፣ ቀኑ ያልፋል። እንደ ሌሎቹ ጨዋታዎች።»

«ሦስት ሳምንትስ?» አለ አንዱ።

«ሦስት ሳምንት።»

ሳቁ ቆመ። ሁለት ልጆች የከፈሉበት ሰዓት እንዳያልፍባቸው ተነሥተው ወደ ኮምፒዩተሮቹ ሄዱ፤ አንደኛው ማሽን ሲበራ ድምፅ አሰማ። ኸድር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው፤ ሲቀልድበት እንጂ እንዲህ ሲያየው ደሞዜ አያውቅም። እጁን የስፌት መኪናዋ ላይ አሳርፎ፣ ቀስ ብሎ፣ ለሁለቱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቀው።

«ደሞዜ፣ ይህን ስትጽፍ ሽማግሌዎቹ ቆመው ነበር?»

ደሞዜ የሜዳውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። አንደኛው ኪሱ የተቀደደ ስለሆነ ወደ ሌላው ከተተው። በሰዎቹ ጉልበት መሀል እየተሽሎከለከ ወደ በሩ ሄደ፤ ሙና «ጋሼ» አለችው፣ አልዞረም። ደጁ ላይ የባሕር ዳር ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ደሞዜ በአጠገቡ አለፈና ወደ ሜዳው የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘ።